አፀደ ሕፃናት፤ አጀማመሩና የምርጫው ጉዳይ

«አፀድ» ዛፍና አትክልት የተተከለበት ቅጥር ግቢ ማለት ነው። በመሆኑም «አፀደ ሕፃናት» ስንል በቃሉ ትርጉም የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለታችን ነው። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪሽ ፍሮበል በ1840 ለሕፃናት ማዋያው ያወጣለት «ኪንደርጋርተን» የሚለው ስምም ትርጓሜው ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ስሙ በየበሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አትክልቱስ በየግቢው አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ሁልጊዜ የሚያስደስት አይሆንም።

እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር እንደ መሆናችን መጠን ዕጩ መምህራንን ይዘን ወደ መዋዕለ ሕፃናት ለጉብኝት እንወጣለን። በአንድ ወቅት በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አየን። የመጀመሪያው አዲስ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ላይ አንበሳና ቀጭኔ ተሥሎበታል፤ በግቢው ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ቆሟል። የአራት ዓመት ልጆች በመደዳ ተቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል በደብተራቸው ይገለብጣሉ። ኮሽታ የለም። ዥዋዥዌው አቧራ ለብሷል። አንዲት ልጅ እርሳሷ ተሰብሮባት ለመናገር ስለ ፈራች ባዶ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች የምትጽፍ መስላ ተቀምጣ ነበር።

ሁለተኛው በኪራይ የተያዘ አሮጌ ቤት ነው። ያለው ነገር ቆርኪ፣ ባዶ ጣሳ፣ የጨርቅ ኳስና አንድ ጥግ የተቦካ ጭቃ ነው። ልጆቹ ሱቅ ከፍተው በቆርኪ ይገበያያሉ። አንዱ ባለሱቅ መልስ አጉድሎ ኖሮ ገዢዋ «ሦስት ይቀረኛል!» እያለች ትከራከረዋለች። መምህርቷ ከአጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ታዳምጣለች እንጂ አልፈረደችም።

በመመለሻችን ዕጩ መምህራኑን «ልጅ ቢኖራችሁ የትኛው ዘንድ ትልኩ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። የሚበዙት የመጀመሪያውን መረጡ። ምክንያታቸውም «እዚያ ይማራሉ፤ እዚህ ግን ይጫወታሉ» የሚል ነበር። ብዙ ወላጆችም የሚመርጡት በዚሁ ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሕፃናት ትምህርት ቤቶችን ታሪክ ከአጀማመሩ መመልከት ይጠቅማል።

ሸማኔው መምህር

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ፋብሪካ እየተስፋፋ ሲሄድ አባትም እናትም፣ ብዙውን ጊዜም ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች፣ ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ይውሉ ጀመር። ትንንሾቹን የሚጠብቅ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሮበርት ኦወን የተባለ ሰው ኒው ላናርክ በተባለ የስኮትላንድ መንደር የሚገኘውን የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ከ1800 ጀምሮ ያስተዳድር ነበር። ኦወን ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካው እንዳይሠሩ አደረገ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1816 ደግሞ ለሠራተኞቹና ለልጆቻቸው የትምህርት ተቋም ከፈተ። በተቋሙ ውስጥ ገና በእግራቸው መሄድ የጀመሩ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚውሉበት ክፍል ነበረ።

ኦወን ለሕፃናቱ መምህር ሲፈልግ በመጽሐፍ ዕውቀት የበለጸገ ሰው አልመረጠም። ጄምስ ቡካነን የተባለ የእጅ ሸማኔና ሞሊ ያንግ የተባለች የ17 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ መረጠ። መስፈርቱ ሕፃናትን መውደድና ትዕግሥት ነበር። የሰጣቸውም መመሪያ አጭር ነው። ልጅ አይመታም፤ በቃልም ሆነ በአኳኋን አይዛትበትም፤ ሕፃናቱ በመጽሐፍ አይጨነቁ፤ በዙሪያቸው ስላለው ነገር ራሳቸው ለማወቅ ጓጉተው ሲጠይቁ በጭውውት ይነገራቸው፤ እርስ በርሳቸውም አንዱ ሌላውን ለማስደሰት እንዲጥር ይለማመዱ የሚል ነበር። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ደጅ ወጥተው ይጫወታሉ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ኦወን ጨዋታን የፈቀደው ትምህርትን ስለ ናቀ አልነበረም። የሰው ጠባይ የሚቀረጸው ገና በለጋነት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ጨዋታን የትምህርት ዋና ክፍል አድርጎ ስለ ቆጠረው ነው።

የደረጃው ወንበር

የኒው ላናርክ ዝና ወጣ። ቡካነንም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ወደ ሎንዶን ተወሰደ። ከእርሱም ቀጥሎ ሳሙኤል ዊልደርስፒን የተባለ ሰው በ1820 በሎንዶን ስፒታልፊልድስ ሰፈር የሕፃናት ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ከዚያም በየከተማው እየተዘዋወረ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ አደረገ። ዊልደርስፒን ቅን ሰው ነበር፤ የመጫወቻ ሜዳን ጥቅምም አጥብቆ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሕፃናትን በአንድ ጊዜ ለማስተማር ሲል አንድ ነገር አስፋፋ። ይኸውም እንደ ስታዲዮም መቀመጫ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ የደረጃ ወንበር ነው። ሕፃናቱ በደረጃው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ከታች ቆሞ አንድ ነገር ሲያሳይ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ።

ወንበሩ በዚያው ቀረ። ሌሎች መምህራን ከዊልደርስፒን ሜዳውን ትተው ደረጃውን ወረሱ፤ ምክንያቱም ደረጃው አንድ መምህር ብዙ ልጆችን እንዲይዝ ያስችላል፤ ለጎብኚም ደስ ያሰኛል። በ1862 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በአብዛኛው ተማሪዎች በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና በሚያገኙት ውጤት ላይ እንዲመሠረት ደነገገ። ፈተናው የሚሰጠው ከስድስት ዓመት ጀምሮ ላሉት ቢሆንም ጭንቀቱ ወደ ታች ወርዶ ትንንሾቹን ደረሰባቸው። የአራት ዓመቱ ልጅ ለስድስት ዓመቱ ፈተና ይዘጋጅ ጀመር።

በ1905 አምስት ሴት የትምህርት ኢንስፔክተሮች በመንግሥት ገንዘብ በሚረዱ ትምህርት ቤቶች ያሉትን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሁኔታ መርምረው ሪፖርት አቀረቡ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ለአእምሯቸው የሚያገኙት ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አለመሆኑን ገለጡ። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ይለወጣሉ ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ላለመቀበል የሚያስችል ሥልጣን ለየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ተሰጠ፤ ብዙ ቦታም ሕፃናቱ ተመለሱ። ወንበሩን ማንሣት ሲቻል ልጆቹ ተነሡ ማለት ነው።

የፍሮበል አፀድ

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ጀርመን እንሻገር። ፍሮበል በ1782 በቱሪንጊያ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ ነው። በወጣትነቱ የደን ሥራ ተለማመደ፤ ቆይቶም በበርሊን የማዕድን ድንጋዮችን ቅርጽ አጠና። ዛፍ እንዴት እንደሚያድግና የማዕድን ፍሬ እንዴት ቅርጽ እንደሚይዝ ያየው ሁሉ ስለ ሕፃናት በነበረው አስተሳሰብ ውስጥ ገባ።

በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ትንሽ ከተማ የሕፃናት የጨዋታና የሥራ ተቋም ከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላም «ኪንደርጋርተን» አለው። ለልጆቹ «ስጦታ» ብሎ የሰየማቸውን መጫወቻዎች አዘጋጀ። የመጀመሪያው ስጦታ በልዩ ልዩ ቀለም የተሠሩ ስድስት ለስላሳ የክር ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፣ ሲሊንደርና ኩብ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ስምንት ትንንሽ ኩቦች ሆኖ የሚበታተን፣ መልሶም አንድ የሚሆን ኩብ ነው። ልጁ ኩቡን ሲፈታና ሲገጥም ግማሽና ሩብ የሚባለውን ነገር ስሙን ሳይሰማ በእጁ ያውቀዋል። በግቢው ውስጥም እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ነበረው፤ ዘርቶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ መጠበቅን ይማርበታል።

ይህ ሁሉ ለመንግሥት አደገኛ መስሎ ይታያል ብሎ የሚገምት የለም። ነገር ግን በኦገስት 1851 የፕሩስያ መንግሥት ኪንደርጋርተንን በሕግ ከለከለ። ሶሻሊዝምንና ኢአማኒነትን ያስፋፋል ተባለ። የክሱ አንዱ መነሻ ካርል ፍሮበል የተባለ የወንድሙ ልጅ የጻፈው ጽሑፍ ለእርሱ መቆጠሩ ነበር። ሽማግሌው ስሕተቱን ለማስረዳት ቢሞክርም የሚሰማው አላገኘም፤ በሚቀጥለው ዓመት በጁን 1852 ሞተ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው።

ይሁን እንጂ ክልከላው ሐሳቡን አልገደለውም። ተከታዮቹ ወደ ሌሎች አገሮች ይዘውት ሄዱ። በ1856 ማርጋሬተ ሹርትስ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ዋተርታውን በተባለች ከተማ አንድ ኪንደርጋርተን ከፈተች፤ በ1876 በቶኪዮ በሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሥር የጃፓን የመጀመሪያው ኪንደርጋርተን ተከፈተ።

ፍሮበልን የጎዳው ጠላቱ ብቻ አልነበረም። ወዳጆቹም ጎድተውታል። ከሞተ በኋላ ብዙዎቹ ተከታዮች ስጦታዎቹን እንደ ሕግ ያዟቸው። በአራት ማዕዘን መስመር በተሰነጠረ ጠረጴዛ ፊት ልጆቹ ይቀመጣሉ፤ መምህርቷ «ኩቡን አንሡ» ስትል ሁሉም ያነሣሉ፣ «በቀኝ አስቀምጡ» ስትል ሁሉም ያስቀምጣሉ። መጫወቻው አለ፤ ጨዋታው ግን የለም። በአሜሪካ ይህን ልማድ ከተቃወሙት አንዷ ፓቲ ስሚዝ ሂል ናት። ልጆች እንዳሻቸው ቤት የሚሠሩባቸው ትልልቅ የወለል ብሎኮች እንዲዘጋጁ አደረገች። ዛሬ በልደት በዓል የሚዘፈነውን ዜማ ከእኅቷ ጋር በ1893 ለሕፃናት የማለዳ ሰላምታ እንዲሆን ያሳተመችው ይህችው መምህርት ናት።

እንግዲህ ሁለት ታሪክ አየን፤ ፍጻሜያቸው ግን አንድ ነው። የኦወን ትምህርት ቤት በደረጃ ወንበር፣ የፍሮበል አፀድ ደግሞ በትእዛዝ ተለወጠ። በሁለቱም ዘንድ ስሙ እንዳለ ቆየ። ከዚህ የምንማረው በበሩ ላይ የተጻፈው ስም ስለ ውስጡ ምንም እንደማይነግረን ነው። የኢጣሊያዊቷን ሐኪም የማርያ ሞንተሶሪን ስም ይዘው ስለሚከፈቱትም ትምህርት ቤቶች ይኸው ሊባል ይቻላል። በጃንዋሪ 1907 በሮም የድሆች ሰፈር በከፈተችው ቤት ልጁ ዕቃውን ራሱ መርጦ፣ እስኪበቃው ድረስ ይሠራበት ነበር። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቆልፎበት ስሟ ብቻ የተለጠፈበት ቤት የእርሷ ነው ማለት አይቻልም።

ታንክ ሸጠው የሠሩት

ወላጅ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1945 የጸደይ ወራት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በሰሜን ኢጣሊያ በሬጂዮ ኤሚሊያ አጠገብ ቪላ ቼላ የተባለች መንደር ነበረች። ሸሽተው የሄዱት ጀርመኖች አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ትተው ነበር። መንደርተኛው እነዚህን ሸጦ በገንዘቡ ምን እናድርግ ብሎ መከረና ለሕፃናት ትምህርት ቤት እንሥራ ብሎ ወሰነ። በቦምብ ከፈረሱት ቤቶች ጡቡን እየለቀሙና እያጸዱ ግንቡን አቆሙ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ የ25 ዓመት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አያቸው፤ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ከእነርሱ ጋር ሠራ። እነዚያ ወላጆች ፋሺዝም ዝም ብሎ መታዘዝን እንዴት እንዳስተማራቸው ያውቁ ነበር። ለልጆቻቸው የፈለጉት የሚጠይቅና የሚሞክር ልጅ የሚያድግበትን ቤት ነው። በ1963 የከተማው አስተዳደር የመጀመሪያውን የሕፃናት ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ ዛሬ ከብዙ አገር የሚመጡ መምህራን እየሄዱ ይጎበኙታል።

በእኛ ዘንድ

በአገራችን ሕፃን ፊደል የሚቆጥረው ከጥንት ጀምሮ በቄስ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀምጦ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከፍ ባለ ድምፅ ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ ንባብና ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። ይህ ትምህርት ንባብን በየትውልዱ ጠብቆ ያቆየ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። በጨዋታ የተመሠረተ ነበር ልንል ግን አንችልም፤ አለንጋውም ቅርብ ነበር።

ይሁን እንጂ ያ ልጅ ጨዋታ አልጎደለበትም። ከትምህርቱ ሲወጣ ሜዳው ይጠብቀዋል። ከብት ሲያግድ በጭቃ በሬ ይሠራል፤ ገበጣ ሲጫወት ይቆጥራል፤ በቅልሞሽ ዓይኑንና እጁን ያስማማል፤ በሰኞ ማክሰኞ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ በዕቃ ዕቃ የትልልቆቹን ኑሮ ይለማመዳል፤ ማታ በእሳት ዳር በእንቆቅልሽ አሳቡን ይስላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጨዋታን ባይሰጥ መንደሩ ይሰጥ ነበር። ለዚህ ነው አባቶቻችን ትምህርትና ጨዋታን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርገው የቆጠሯቸው።

ዘመናዊው አፀደ ሕፃናት ወደ አገራችን የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በድሬዳዋ ለፈረንሳውያን የባቡር ሠራተኞች ልጆች በተከፈተው እንደሆነ በብዙ ጽሑፎች ተመልክቷል። ለረዥም ጊዜም የጥቂት ከተሜ ቤተሰቦች ልጆች መዋያ ሆኖ ቆየ። ከ1966ቱ ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቀበሌዎች ለሠራተኛ እናቶች ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚከፈተውን «ኦ ክፍል» እና ታላላቅ ልጆች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያዘጋጁበትን ዘዴ አስገባ። በዚህም ብዙ የገጠር ልጆች ዕድል አገኙ። ችግሩ ኦ ክፍሉ በብዙ ስፍራ የአንደኛ ክፍልን አግዳሚ ወንበር ከነልማዱ መውረሱ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በ1963 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ሕዝቡ «ሐራምቤ» እያለ በኅብረት በየመንደሩ የሕፃናት ቤት ሠራ። በ1984ም የቅድመ ልጅነት ትምህርት ብሔራዊ ማዕከል ተቋቁሞ መምህራን በአካባቢው ከሚገኝ ቁሳቁስ መጫወቻ እንዲሠሩ ሥልጠና ይሰጥ ጀመር። ነገር ግን ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ለአንደኛ ክፍል በቃለ መጠይቅ ይመርጡ ስለ ነበር፣ ወላጆች መምህራኑን ጽሕፈትና ቁጥር አስጠኑልን እያሉ አስጨነቋቸው። የ1862ቱ የእንግሊዞች ጭንቀት በሌላ አገር በሌላ ዘመን ተደገመ።

ዛሬ የከተማ ልጅ ማለዳ በሰርቪስ ይወሰዳል፤ ማታ ይመለሳል። የሚኖረው ፎቅ ላይ ወይም በጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ሜዳው ተሠርቶበታል፤ መንገዱ የመኪና ሆኗል። መንደሩ ይሰጠው የነበረውን ጨዋታ ዛሬ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ካልሰጠው ከየትም አያገኘውም። በእኛ አስተያየት የጉዳዩ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ወላጅ «ጨዋታውን ቤቱ ይጫወታል፤ ትምህርት ቤት የምልከው እንዲማር ነው» ሲል የሚናገረው እርሱ ራሱ ስላደገበት መንደር ነው፤ ልጁ ግን እዚያ መንደር ውስጥ የለም።

እንግዲህ ምን እንመልከት?

ወላጅ ወይም መምህር ትምህርት ቤት ለመምረጥ ሲሄድ ከሕንፃውና ከስሙ ይልቅ የሚከተሉትን ቢመለከት ይበጃል እንላለን።

1ኛ. መጫወቻው ያረጀ ነው ወይስ አዲስ? ያልተነካ ዥዋዥዌ ለጎብኚ የቆመ ነው። የተላጠ ብሎክና የቆሸሸ አሻንጉሊት ልጆች እንደ ነኩት ይመሰክራል።

2ኛ. ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ማን ነው? በቀኑ ውስጥ ልጁ ራሱ የሚመርጥበት በቂ ሰዓት መኖር አለበት። ሠላሳ ልጆች ሠላሳ አንድ ዓይነት ሥዕል ከሠሩ የሠራችው መምህርቷ ናት።

3ኛ. መምህርቷ ከየት ሆና ትናገራለች? ቁጢጥ ብላ በልጁ ቁመት ከሆነ መልካም ምልክት ነው። ጨዋታ ሲባል ልጅን ልቅ መተው ማለት አይደለም። ዕቃውን የምታዘጋጅ፣ የምታስተውል፣ በጊዜው አንድ ጥያቄ የምትጥል መምህርት ከምታስገለብጠው ይልቅ ትደክማለች።

4ኛ. ልጁ ሲሳሳት ምን ይደርስበታል? እርሳሷ የተሰበረባት ልጅ «ተሰበረብኝ» ለማለት ካልደፈረች፣ ፊደሉን ብታውቀው እንኳ ትምህርቱ አስቀድሞ ከስሯል።

5ኛ. ልጆቹ በምን ቋንቋ ይጫወታሉ? በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከራከር፣ ሲተርትና ሲጠይቅ ያደገ ልጅ ኋላ ለሚመጣው ንባብ መሠረት ይዟል።

ፊደል መቁጠር ክፉ ነው አላልንም። በሱቁ ጨዋታ ውስጥ የዕቃው ስም ሊጻፍ፣ በቆርኪው ሊደመርና ሊቀነስ ይቻላል። «ሦስት ይቀረኛል!» ያለችው ልጅ መቀነስን ተምራለች፤ በዚያም ላይ መብቷን በቃል ማስረዳትን ተምራለች። በመደዳ ከተቀመጡት መካከል ይህን ሁለተኛውን የተማረ አላየንም።

በትምህርት ሙያ ላይ ያለን ሰዎች በዚህ ረገድ ድርብ ኃላፊነት አለብን። ወላጅ «መምህር፣ ልጄን የት ላስገባ?» ብሎ የሚጠይቀው እኛን ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባውን ልጅ «ስንት ፊደል ያውቃል?» ብለን የምንመዝነውም እኛው ነን። የላይኛው በር እንዲህ እስከ ጠየቀ ድረስ የታችኛው አፀድ አትክልት ሊያበቅል አይችልም። ስለሆነም ማሻሻያው ከእኛ ጥያቄ ይጀመር።

ለክፍል ውይይት

ሀ. ተማሪዎች አያቶቻቸውን ወይም ጎረቤት አዛውንቶችን ጠይቀው ሦስት የልጅነት ጨዋታዎችን ይጻፉ። እያንዳንዱ ጨዋታ ለአካል፣ ለሒሳብ ወይም ለቋንቋ ምን ያስተምር ነበር?

ለ. የኦወን ሐሳብ ወደ ደረጃ ወንበር የተለወጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የገንዘብ ችግር ነው፣ የተማሪ ብዛት ነው ወይስ የወላጅና የመንግሥት ፍላጎት? በማስረጃ አስደግፉ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ካሉት ጨዋታዎች ውስጥ ዛሬ የጠፋው የትኛው ነው? የጠፋበትስ ምክንያት ምንድን ነው?